በአይሁድ ላይ የሚነሣው ጥላቻ በየዘመኑ የተለዋወጠበትን ታሪክ እንዴት እንዳስተማርሁ

ለጎልማሶች የታሪክ ንባብ ቡድን ስለ ፀረ-ሴማዊነት፣ ማለትም አይሁድን ስለ መጥላት፣ ተከታታይ ትምህርት እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ ያሳሰበኝ የመረጃ ማነስ ሳይሆን የመረጃው ብዛት ነበር። የብዙ ምዕተ ዓመታትን ጥላቻ በአንድ ስም ጠርቶ ማለፍ ቀላል ነው፤ እንዲህ ያደረገ አስተማሪ ግን የመስቀል ጦረኛውንና የናዚውን ሹም አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። ስለዚህ በየዘመኑ አንድ ጥያቄ ብቻ እየደጋገምሁ ለመጠየቅ ወሰንሁ፦ የተጠላው አይሁዳዊ ከጥላቻው ለመዳን ምን እንዲያደርግ ይፈለግበት ነበር? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጀመርሁት በ1096 ነው። በዚያ ዓመት ወደ ኢየሩሳሌም እንዘምታለን ብለው የተነሡ የመስቀል ጦር ጭፍሮች በራይን ወንዝ ዳር በሚገኙት በቮርምስና በማይንጽ ከተሞች አይሁዳውያንን ሲፈጁ፣ ያቀረቡላቸው ምርጫ ጥምቀት ወይም ሞት ነበር። ብዙዎቹ ሞትን መረጡ፤ በግድ የተጠመቁትን ደግሞ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ሄንሪ አራተኛ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሃይማኖታቸው እንዲመለሱ ፈቀደላቸው። ጭካኔው ወሰን ባይኖረውም ጉዳዩ የእምነት ጉዳይ ነበርና መውጫው ይታወቅ ነበር። እዚህ ላይ ለአማርኛ አንባቢ የቀረበ ምሳሌ አለ፤ በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ይሁን ተብሎ ታወጀ የሚለውን ትውፊት ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የቤተ እስራኤል ታሪክ የራሱ መነሻና የራሱ አካሄድ ስላለው ከአውሮፓው ጋር አልቀላቀልሁትም፤ በሃይማኖትና በመሬት መካከል የነበረውን ግንኙነት ለማሳየት ግን ጠቅሜዋለሁ።

ትምህርቱ በእውነት የተለወጠው ቶሌዶ ላይ ስንደርስ ነው። በ1449 በዚያች የስፔን ከተማ በግብር ምክንያት ዐመፅ ተነሥቶ፣ የሕዝቡ ቁጣ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና በገቡ ቤተሰቦች ላይ ወረደ፤ ዐመፀኞቹም ከእነዚህ ቤተሰቦች የተወለደ ሰው የከተማ ሹመት እንዳይዝ ደነገጉ። የሮሙ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኒኮላስ አምስተኛ በዚያው ዓመት ድርጊቱን አወገዙ፤ ጥምቀት ሰውን ካልለወጠ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ሁሉ ይፈርሳልና። ውግዘቱ ግን አሳቡን አላቆመውም፤ «የደም ንጽሕና» የሚለው መመዘኛ ውሎ አድሮ በስፔን ብዙ ተቋማት ውስጥ ሥር ሰደደ። ከዚህ የተማርሁት፣ የዘር ጥላቻ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሳይንስ ብቻ ተወለደ የሚለውን የተለመደ አነጋገር በጥንቃቄ መያዝ እንደሚገባ ነው። የግብሩን ጉዳይ ሳያነሡ ስለ ቶሌዶ ማስተማርም አይቻልም፤ ጥላቻ በየጊዜው የሚያድሰው ነገር ይፈልጋል።

«ፀረ-ሴማዊነት» የሚለው ቃል ራሱ የተስፋፋው ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በ1879 በጀርመን ነው። ጋዜጠኛው ቪልሄልም ማር በዚያ ዓመት «የፀረ-ሴማውያን ማኅበር» አቋቋመ፤ ስሙን የሰጡት ተቃዋሚዎቹ ሳይሆኑ እርሱ ራሱ በኩራት መርጦት ነው። አማርኛም ከሴማዊ ቋንቋዎች አንዱ ነውና «እኛንስ ይመለከታል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ መልሱ አጭር ነው፤ የማር ማኅበር ከዐረብም ሆነ ከሐበሻ ጋር ምንም ጠብ አልነበረውም፣ ዒላማው አይሁድ ብቻ ነበሩ። ማር በጽሑፉ ርዕስ ላይ ጉዳዩን የሚመለከተው ከሃይማኖት ውጭ ሆኖ እንደሆነ አስታውቋል። የጀርመን አይሁዳውያን በ1871 ሙሉ የዜግነት መብት አግኝተው ነበር፣ በ1873 ደግሞ የአክሲዮን ገበያው ወድቆ ብዙ ሰው ከስሯል፤ ስለዚህ አዲሱ ጥላቻ የተነሣው ከማኅበረሰቡ ውጭ በነበረው ሳይሆን እኩል ዜጋ በሆነው አይሁዳዊ ላይ ነው። በዚያው በ1879 የታሪክ ምሁሩ ሃይንሪሽ ፎን ትራይችከ አይሁዳውያን ፈጽሞ ጀርመናዊ እንዲሆኑ ጠየቀ፤ ማር ግን ይህ ከቶ አይሆንም ይል ነበር። ሁለቱ በአንድ ንቅናቄ ውስጥ ቢቆጠሩም ለጥያቄዬ የሰጡት መልስ የተለያየ መሆኑን ተማሪዎቹ ራሳቸው ስላገኙት፣ ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ያ የተሻለ አስተማራቸው።

በ1935 በናዚ ጀርመን የወጡት የኑረምበርግ ሕጎች መውጫውን ፈጽመው ዘጉት። የዘር ሕግ ይባሉ እንጂ ደምን የሚለካ መሣሪያ ስላልነበረ፣ አንድ ሰው አይሁዳዊ መሆኑን የሚወስኑት አያቶቹ የአይሁድ ሃይማኖት ማኅበር አባላት መሆን አለመሆናቸውን በመዝገብ በማየት ነበር። ሐሰቱን ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዳ በ1922 ካቶሊክ ሆና ከዚያም የመነኮሰችው ፈላስፋ ኤዲት ሽታይን በ1942 በአውሽቪትዝ ተገደለች፤ ይህን ታሪክ ከ1097ቱ የሄንሪ ፈቃድ ጎን ለጎን አስቀምጬ አስነበብሁ።

ከጦርነቱ በኋላ ያለውን ዘመን ማስተማር ይከብዳል፤ ስሙ አሳፋሪ ከሆነ ወዲህ ማንም በኩራት አይሸከመውምና። በ1953 በሞስኮ ሐኪሞች መሪዎችን ሊገድሉ አሢረዋል ተብለው ሲከሰሱ አብዛኞቹ አይሁዳውያን ነበሩ፤ ስታሊን በሞተ በአንድ ወር ውስጥ ግን ክሱ ፈጠራ መሆኑ በይፋ ታመነ።

በመጨረሻ ዛሬ ክርክር ወደሚነሣበት ወደ እስራኤል ጉዳይ ስንገባ፣ አስተያየቴን ከመናገር ይልቅ ሁለት ሰነዶችን አከፋፈልሁ፦ ዓለም አቀፉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ጥምረት በ2016 የተቀበለውን የፀረ-ሴማዊነት ትርጓሜና ምሁራን በ2021 ያወጡትን የኢየሩሳሌም መግለጫ። የመጀመሪያው በእስራኤል ላይ ሌላው ዴሞክራሲያዊ አገር የማይጠየቀውን መጠየቅን በምሳሌነት ያነሣል፤ ሁለተኛው ደግሞ እስራኤልን በኢኮኖሚ ማዕቀብ መቃወም በራሱ ፀረ-ሴማዊነት አይደለም ይላል። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ የእስራኤልን ድርጊት በአይሁዳውያን ሁሉ ላይ መጫንን ሁለቱም ያወግዛሉ። የኢየሩሳሌሙ መግለጫ እንዲያውም አንድን ሰው አይሁዳዊ በመሆኑ ብቻ እስራኤልን በአደባባይ እንዲያወግዝ ማስገደድን በስም ጠቅሶ ይነቅፋል። ይህን አንቀጽ ስናነብ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ይህም ከተጠላው ሰው የሚፈለግ አዲስ መውጫ መሆኑን ጠቆመ፤ የዚያ ምሽት ክርክርም በእርሱ ላይ ቀጠለ።