«ሠላሳ አምስት ብለሽ ጻፊው»

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ከተመረቅሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እጄ ላይ ብዙ ልጅ ተወልዷል፣ በራሴም መተማመን ጀምሬያለሁ።

የገበያ ቀን ነበር። በገበያ ቀን የእርግዝና ክትትል ክፍላችን ይጨናነቃል። እናቶች ቅቤና እንቁላላቸውን ሸጠው፣ በዚያው ለእኛም ጎራ ይላሉ። ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ነጠላዋን እስከ አገጯ ያጣፋች ሴት ተቀምጣለች። ሌላው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቃ ገባች። ስሟን ልቀይረውና እትዬ ወርቄ ልበላት።

«ዕድሜሽ ስንት ነው እትዬ?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «ሠላሳ አምስት ብለሽ ጻፊው» አለችኝ።

ጻፍኩት። «ነው» አላላችም፣ «ብለሽ ጻፊው» ነው ያለችው። ያኔ አላስተዋልኩትም። ከዚያ በኋላ ግን ስንት ሌሊት ጆሮዬ ላይ ጮኋል።

ሰባት ወልዳለች፣ ይህ ስምንተኛዋ ነው። ሆዷን ለካሁት፤ 30 ሳምንት ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያ ክትትሏ ነው። ለምን እንደዘገየች ስጠይቃት አንገቷን ደፋች። «የወር አበባዬ ሲቀር አረጥሁ ብዬ ነው ልጄ። መርፌውንም ትቼው ነበር። ሲንቀሳቀስ ነው ያወቅሁት።» የደም ግፊቷ 130/85 ነው። «ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ። የሽንት መመርመሪያው ያን ቀን አልቆ ነበር፤ በሚቀጥለው ትመረመሪያለሽ አልኳት። የደም ማነስ ኪኒን ሰጠኋት። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ በያኔው ደንብ 36ኛው ሳምንት ላይ ነበር፣ ያንኑ ጻፍኩላት። ስትወጣ ደግሞ ትከሻዋን ቸብ አድርጌ «አንቺማ ሰባት የወለድሽ፣ እኛን ታስተምሪያለሽ እንጂ!» አልኳት። ላበረታታት ብዬ ነው። እሷም ፈገግ አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። እንዲህ ከተባለች በኋላ ምን ብላ ትጠይቅ?

አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ማለዳ ላይ፣ አራት ሰዎች በወሳንሳ ተሸክመዋት መጡ። በባና ተጠቅልላለች፣ ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራለች። ትልቋ ልጇ ጨቅላ አዝላ ከኋላ ትሮጣለች። «ከትናንት ጀምሮ ራሴን እያለች ነው። ዛሬ ደግሞ ዓይኔ ጨለመብኝ አለች» አለችኝ ልጅቷ። ግፊቷን ለካሁ፤ 170/115። ማመን አቅቶኝ በሌላው ክንዷ ደገምኩት። ያው ነው። ሽንቷ ላይ ፕሮቲኑ ሦስት መስቀል (+++) አሳየ፤ በጣም ብዙ ነው ማለት ነው። ፊቷና እጇ አብጧል፤ የብር ቀለበቷ ጣቷ ውስጥ ሰምጧል።

ይህ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል፣ ያውም ከባዱ። በእርግዝና ምክንያት የሚመጣ የደም ግፊት ነው። ኩላሊትንና ጉበትን ይጎዳል፣ ወደ አንጎል ሲወጣ ያንቀጠቅጣል። በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ቀዳሚ ምክንያቶች አንዱ ነው። ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ ደግሞ የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ።

ማግኒዥየም ሰልፌት ጀመርን። 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተደርጎ፣ 5 ግራም በአንዱ ዳሌ፣ 5 ግራም በሌላው። የግፊቱንም መድኃኒት ሰጠናት። አምቡላንስ ተጠራ። ነዳጅ ስለነበረው አሁንም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። እኔም አብሬ ወጣሁ። ማግኒዥየም ሲበዛ ትንፋሽ ያዳክማል፤ ስለዚህ መንገዱን ሙሉ ትንፋሿን እቆጥራለሁ፣ ጉልበቷን መታ አድርጌ እግሯ መዝለሉን አያለሁ። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ኪሴ ውስጥ ነው። ጣርማ በር አካባቢ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ሾፌሩ መስኮቱን ከፍቶ፣ አንገቱን አውጥቶ ነበር የሚነዳው። እትዬ ወርቄ ዓይኗን ጨፍና «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ትላለች። ልጅቷ የእናቷን እግር ይዛ ታለቅሳለች።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ «ዕድሜ?» አለኝ።

«35» አልኩ፣ ካርዱን እያየሁ።

ልጅቷ ቀና አለች። «ኧረ እህቴ፣ እኔ ራሴ 24 ዓመቴ ነው። እናቴ አብዮት በፈነዳ ዓመት ነው የተወለደችው።»

አብዮቱ 1966 ነው። 43 ዓመቷ ማለት ነው። ሐኪሙ ምንም አላለኝም፣ ቁጥሩን ሰርዞ አስተካከለው። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። የትልቋ ልጅሽ ዕድሜ ስንት ነው ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ያን ቀን አውቀው ነበር። 35 ከሆነች 24 ዓመት ልጅ እንዴት ይኖራታል? አንድ ቅነሳ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

በቀዶ ሕክምና አዋለዷት። ወንድ ነው፣ 1.9 ኪሎ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማኅፀኗ አልጨማተር አለ፣ ደሙም አልቆም አለ። ይህም የታወቀ ነገር ነው። አምስትና ከዚያ በላይ የወለደች እናት ማኅፀኗ ተለጥጦ ተለጥጦ ሊደክም ይችላል። ከወሊድ በኋላ ቶሎ ካልተጨማተረ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይፈሳል። እኔ «ልምድ» ያልኩት ሰባት ወሊድ ለሰውነቷ ድካም ነበር። ኦክሲቶሲን ተሰጣት፣ ማኅፀኗ ታሸ፣ 2 ከረጢት ደም ገባላት። ባለቤቷ ወዲያው እጁን ዘርግቶ ደም ሰጠ። መሸትሸት ሲል ደሙ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን ልጠይቃት ሄድኩ። ሕፃኑ ደረቷ ላይ፣ ሥጋ ለሥጋ፣ በነጠላ ታስሮ ተኝቷል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት። እጄን ያዘችኝ። ለምን ዕድሜዋን እንደደበቀች ጠየቅኳት።

«አፍሬ ነው ልጄ» አለች። «ልጄ አራስ ሆና እኔ ሆዴን ይዤ ስዞር፣ ሰዉ አያቷ አረገዘች ይላል። ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ስትመጣ ጓዳ ገብቼ እደበቅ ነበር። አርባ ሦስት ብልሽ አንቺም የምትስቂብኝ መሰለኝ።»

እኔ እንደማልስቅባት በምን ታውቅ? አንገቷን ደፍታ ስትመልስልኝ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም።

ይህን የምጽፈው እትዬ ወርቄን የመሰሉ ብዙ እናቶች ስላሉ ነው። ደግሞም በ40ዎቹ ማርገዝ እንደ ጥፋት እንዲታይ ስለማልፈልግ ነው። አብዛኞቹ ደህና ይወልዳሉ። ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ ውርጃው፣ የእንግዴ ልጁ ከታች መቀመጥ፣ ሁሉም ከወጣቷ ይልቅ ይበዛባቸዋል፤ ግን ቀድሞ ከታወቀ ብዙው መላ አለው። ስለ ዳውን ሲንድሮም፣ ልጁ ይዞት ስለሚወለደው የእድገት ዝግመት፣ የሚጠይቁኝም አሉ። እናትየው 25 ዓመቷ ሲሆን ከ1,200 ወሊድ ገደማ በአንዱ ይታያል፣ 40 ሲሆናት ከ100 ወሊድ ገደማ በአንዱ። መጨመሩ እውነት ነው። ከ100ው 99ኙ ደግሞ የለባቸውም። ለእናት ሲነገራት ሁለቱም ቢነገራት ደስ ይለኛል፤ አንዱን ብቻ ይዛ እየተንቀጠቀጠች ወደ ቤት ስትሄድ አይቻለሁና።

እኔን የሚያንገበግበኝ ጊዜው ነው። ለዚህ ግፊት የተጋለጠች እናት ሐኪም ካዘዘላት ከ20 ሳምንት በፊት የምትጀምረው አነስተኛ አስፕሪን አለ፣ ስጋቱን ይቀንሳል። እትዬ ወርቄን ያ ጊዜ ያለፋት ጓዳ ተደብቃ ሳለ ነው። የወር አበባ በ40ዎቹ ሲዛባ ደግሞ ብዙዎች «አበቃ» ብለው መከላከያ ያቆማሉ። ዓመት ሙሉ ሳይመጣ ካልቆየ አረጠች አይባልም፤ ለወራት ቀርቶም እርግዝና ይኖራል። ይህን ለአንዲት እናት ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

አሁን ዕድሜ ስጠይቅ ቁጥሩን ጽፌ አላልፍም። «ትልቁ ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው? ስንት ዓመትሽ ላይ ወለድሽው?» እላለሁ። የሽንት መመርመሪያ ካለቀ ከጎረቤት ጤና ጣቢያ እለምናለሁ፣ ካጣሁ ደግሞ በሳምንቱ ተመለሺ እላለሁ። ከ40 በላይ የሆነች እናት ስትመጣ 36ኛውን ሳምንት አልጠብቅም። ከመውለጃዋ በፊትም እናቶች ማቆያ ቤት ገብታ እንድትጠብቅ ባለቤቷን ጭምር ጠርቼ አነጋግራለሁ።

በ45ኛው ቀን እትዬ ወርቄ ለክትባት መጣች። ከልጇ ጋር ነው የመጣችው፤ ሁለቱም ሕፃን አዝለዋል። አጎትየው ከእህቱ ልጅ ያንሳል። ነጠላዋን ከአገጯ አውርዳለች። ሰው በሞላበት ወረፋ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ግፊቷን ለካሁት፣ 125/80 ነው። የክትባት ካርዱን ሳወጣ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«ዕድሜዬን ደህና አድርገሽ ጻፊው» አለችኝ፣ ሁሉም እየሰማ። «አርባ ሦስት ነው።»