ቅጠሏን ሳብ አድርጋት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የግጦሽ መሬት ጥናት ላይ ተቀጥሬ ነበር። ሥራው ደረቅ ሣር ሜዳ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ፍሬም እየጣሉ፣ ውስጡ የበቀለውን ሁሉ በየስሙ መመዝገብ ነው። ሣሩን ለመድኩት። መከራዬን ያሳየኝ የአተር ዘመድ ነው፤ አበባው ሁሉ ቢራቢሮ ይመስላል፣ ቅጠሉ ሁሉ ግራና ቀኝ ተደርድሯል፣ ሁሉም ወንድማማች ነው።

መስክ ከመውጣታችን በፊት ከእነዚሁ የአተር ዘመዶች አንዱ ስለሆነው ኢንዲጎፌራ ስፒካታ ሳነብ ከርሜያለሁ። ኢንዶስፒሲን የሚባል መርዝ አለው፣ ከብት አብዝቶ ከበላው ጉበቱን ይጎዳል። እና በመጀመሪያው ቀን ዝቅ ብሎ የተንሰራፋ፣ አበባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ የሆነ ተክል ሳይ ልቤ ዘለለ። አገኘሁት! ስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያም ኢንዲጎፌራን ከግምቶቹ አናት ላይ አወጣልኝ። ግምት መሆኑን ረሳሁት። ከዚያ ወዲያ እሱን ተክል በደንብ አላየሁትም፤ ከሩቅ እያየሁ ስሙን ብቻ መጻፍ ሆነ ሥራዬ፣ አርባ ምናምን ፍሬም ላይ።

ረቂቅ ሪፖርቱ ወጣ። «ከብት ከዚህ ሜዳ ቢርቅ ይመረጣል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችበት። የእኔ ናት። ኮርቼባታለሁም።

የደረቁትን ናሙናዎች የሚመረምሩት አንድ አንጋፋ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጠሩኝ። ወረቀቱ ላይ የተለጠፈውን ተክል እያሳዩኝ «ልጄ፣ ፍሬው የታለ?» አሉ። አበባ ብቻ ነበር የቆረጥኩት፣ ስለሚያምር። እሳቸው ምንም አላሉም። ከናሙናው ጋር በፖስታ ካስቀመጥኩት ትርፍ ቅጠል አንዷን ውሃ አስነክተው አለሰለሷትና ሰጡኝ።

«ጫፏን ይዘህ ሳብ አድርጋት።»

ሳብኳት። ቀጥ ብላ አልተቀደደችም፤ እንደ ቀስት ጫፍ ሹል ሆና ነው የተበጠሰችው። ቴፍሮሲያ የሚባለው ሌላው የአተር ዘመድ ቅጠሉ እንዲህ ነው፤ ከቅጠሉ መሐል የሚነሱት ደም ሥር መሳይ መስመሮች ተጠጋግተው፣ እኩል ተዳፍተው እስከ ጠርዙ ስለሚሄዱ ቅዱ እነሱን ተከትሎ ይሄዳል። ቀጥለው አሥር እጥፍ የሚያጎላውን ሌንስ አቀበሉኝና ፀጉሩን እይ አሉኝ። የኢንዲጎፌራ ፀጉር ወገቡ ላይ የተያዘ ነው፣ እንደ ሚዛን ክንድ ሁለት ጫፍ ኖሮት ቅጠሉ ላይ ተኝቶ ይታያል። የእኔው ተክል ፀጉር ግን ከአንድ ጫፉ የበቀለ ተራ ፀጉር ነው።

በጣም ያናደደኝ ግን ሦስተኛው ነው፣ ምክንያቱም ለሱ ሌንስም አያስፈልግም ነበር። የኢንዲጎፌራ ስፒካታ ትንንሽ ቅጠሎች ዘንጉ ላይ ተፈራርቀው ነው የሚወጡት። የእኔው ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ፊት ለፊት ተያይቶ ቆሟል። አርባ ጊዜ አጠገቡ ተንበርክኬ ይህን አላየሁም! ያነበብኩትን መርዝ ፍለጋ ላይ ነበርኩ።

ተመልሰን ሄድን። በዚያን ጊዜ ፍሬ ቋጥሮ ነበር፤ ጠፍጣፋ፣ ጫፉ ላይ ወደ ላይ ቀና ያለ። ቴፍሮሲያ ፑርፑሪያ ሆነ። ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አስተካከልኩ፣ ያቺም ዓረፍተ ነገር ወጣች፣ ሪፖርቱ ለደረሳቸው ሰዎችም የእርማት ደብዳቤ ጻፍን። ደብዳቤውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ አይመከርም። ከዚያ ወዲህ ፍሬ ያላየሁበትን ተክል «ያልታወቀ 7» ብዬ ነው የምመዘግበው። ሠንጠረዡ ያስጠላል፣ ግን አይዋሽም። የአበባውንም ቀለም እዚያው ትኩስ እያለ እጽፋለሁ፤ ሲደርቅ ሁሉም ቡናማ ነው።

የናሙናውን መለያ ቀድጄ አዲስ ልለጥፍ ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። ናሙና ላይ የድሮ ስም አይነሳም አሉ፤ ትክክለኛው በትንሽ ወረቀት ከነቀኑና ከነመርማሪው ስም አጠገቡ ይለጠፋል። ስለዚህ «ኢንዲጎፌራ ስፒካታ» የሚለው የእጅ ጽሑፌ ዛሬም እዚያው ነው፣ ከሥሩ በድፍን መስመር ሁለቴ አስምሬበት።