ፍርዴን ሰኞ ጠይቁኝ

የምሠራው መጋዘን ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ነው። ሐሙስ አልፎ ዓርብ ሲገባ፣ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ካርቶን ሲደረድሩ የነበሩ እጆች ለአፍታ ወደ ኪስ ይገባሉ። አዲስ አልበም ወጥቷል። ስልክ ይከፈታል፣ ማዳመጫ አንድ ጆሮ ላይ ይሰካል። ሁለቱንም መሰካት ክልክል ነው፤ የፎርክሊፍቱን ጡሩምባ መስማት አለብን። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ፍርድ መሰጠት ይጀምራል። «የዓመቱ ምርጥ ነው» ይላል አንዱ። «ሰውየው አለቀለት» ይላል ሌላው። ሰው ዓመታት የደከመበት ሥራ በአንድ ጆሮ፣ በሩጫ መሃል፣ ግማሹ እየተዘለለ ተሰምቶ ይፈረድበታል።

ለረጅም ጊዜ እኔም ከፈራጆቹ አንዱ ነበርኩ። ዛሬ የምጽፈው በዚያ ሰዓት ስለፈረድኳቸውና በኋላ ፍርዴን ስለለወጥኩባቸው አልበሞች ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ አልበሞቹ የሚታወቁት በዚያ ነውና።

ወደ ስደት ስወጣ አልበሞቹ ለሚመደቡባቸው ለሮክና ለሂፕ ሆፕ ሙዚቃ ጆሮ አልነበረኝም። ሮክ ጩኸት፣ ሂፕ ሆፕ ደግሞ ስድብ ይመስለኝ ነበር። ጆሮዬን የከፈተልኝ የቋንቋ ችግር ነው። በትምህርት ቤት የተማርኩት እንግሊዝኛ እዚህ መንገድ ላይ ከሚነገረው ጋር አልገጥም ብሎ፣ ሰው ሲያናግረኝ እየሳቅሁ ራሴን የምነቀንቅበት ጊዜ ነበር። አብሮኝ ክፍል የሚጋራ ልጅ ሊንኪን ፓርክ የተባለው የአሜሪካ ሮክ ቡድን በ2000 ያወጣውን የመጀመሪያ አልበም ሰጠኝ። የቡድኑ ራፐር ማይክ ሺኖዳ ራፑን ቃል በቃል፣ ጥርት አድርጎ ይለዋል። ድምፃዊው ቼስተር ቤኒንግተን ደግሞ ያንኑ ስሜት አዝማቹ ላይ ተቀብሎ ይጮኸዋል። በዚያ አልበም ውስጥ አንድም የብልግና ቃል የለም። አውቶቡስ ውስጥ ግጥሙን ከስልኬ እያነበብኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አጠናሁት። ብቸኝነትን በባዕድ ቋንቋ መናገር የቻልኩት ከእነሱ በተዋስኩት ዓረፍተ ነገር ነው።

ስለዚህ ቡድኑ ኖቬምበር 2024 «ፍሮም ዚሮ»ን ሲያወጣ ሁለት ዘፈን ሰምቼ ዘጋሁት። ቼስተር በጁላይ 2017 ካረፈ ሰባት ዓመት አልፎት ነበር፤ በእሱ ቦታ የቆመችው ኤሚሊ አርምስትሮንግ ናት። «ስሙን አብረው መቅበር ነበረባቸው» ብዬ በዚያ ሌሊት ላገኘሁት ሁሉ ተናገርኩ። ያ የሐዘን ንግግር ነበር እንጂ የሙዚቃ አስተያየት አልነበረም። ከሳምንት በኋላ ተመልሼ ስሰማው ሴትዮዋ ማንንም አትኮርጅም። ድምጿ ሻካራ ነው፣ ሲጮህ የሚሰነጠቅበት ቦታም የራሷ ነው። ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው፤ አልበሙ ከመጠን በላይ ጥንቁቅ ነው። ሠላሳ ደቂቃን እምብዛም አያልፍም፣ አዝማቹም ሁልጊዜ ይመጣል ብለህ በጠበቅክበት ቦታ ይመጣል። እንደገና ለመቆም ድፍረት ያገኘ ቡድን በቅንብሩም እንዲደፍር እመኝ ነበር። የቀጣዩን አልበም በጉጉት የምጠብቀው ለዚህ ነው።

ከኋላዬ ባለው መስመር ላይ የሚሠሩ አንድ ስልሳ ዓመት የሞላቸው ባልደረባ አሉኝ። በወጣትነታቸው ጊታር ይጫወቱ ነበር፣ ዛሬም ጣታቸው ካርቶን ላይ ምት ይመታል። ዘ ኪዩር የሚባለውን የእንግሊዝ ቡድን ከሚያመልኩ ሰዎች አንዱ ናቸው። ቡድኑ ከ2008 በኋላ አዲስ አልበም አላወጣም ነበር፤ ኖቬምበር 1 ቀን 2024 «ሶንግስ ኦፍ ኤ ሎስት ዎርልድ» ሲወጣ አሥራ ስድስት ዓመት ጠብቀዋል ማለት ነው። በዚያ ሌሊት ማዳመጫቸውን አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። እኔም አንድ ደቂቃ ጠበቅሁ። ከበሮው ይጎተታል፣ ኪቦርዱ እንደ ደመና ይዘረጋል፣ የሰው ድምፅ ግን የለም። ሁለተኛውም ደቂቃ አለፈ።

«መቼ ነው የሚጀምረው?» አልኳቸው።

«ጀምሯል እኮ» አሉኝ፣ ማዳመጫውንም በእርጋታ ከጆሮዬ መልሰው ወሰዱ።

ድምፃዊው ሮበርት ስሚዝ በመክፈቻው ዘፈን ላይ አፉን የሚከፍተው ከሦስት ደቂቃ በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ይህ በዛሬው ጊዜ ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ስፖቲፋይ በሚባለው የሙዚቃ መስሚያ መተግበሪያ አንድ ዘፈን እንደተደመጠ የሚቆጠረው ሠላሳ ሰከንድ ሲሰማ ነው። ያ ሠላሳ ሰከንድ የዘፈን አሠራርን ለውጦታል፤ መግቢያው አጠረ፣ አዝማቹ ወደ ፊት መጣ፣ አድማጭ ጣቱን ከማንሳቱ በፊት ሁሉም ነገር መባል አለበት ተባለ። ያኔ ስልሳ አምስት ዓመቱ የነበረው ስሚዝ ግን ስምንት ዘፈን ብቻ ይዞ መጥቶ፣ የመጨረሻውን ከአሥር ደቂቃ በላይ ዘርግቶ፣ «ጠብቁኝ» ይላል። ስለ ሞተው ታላቅ ወንድሙ የዘፈነውን ስሰማ ደግሞ ያ ሁሉ ዝግታ ለምን እንዳስፈለገ ገባኝ። ፒያኖው አንዲት አጭር ዜማ ይዞ ይመላለሳል፤ እንደ ሐዘንተኛ እዚያው ቦታ ይሽከረከራል። ሐዘን በሠላሳ ሰከንድ አይነገርም። በእኔ አስተያየት ባለፉት ዓመታት ከሰማኋቸው የሮክ አልበሞች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ባልደረባዬንም ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

ስለ ራፐሩ ኬንድሪክ ላማር አልበም «ጂ ኤን ኤክስ» ብዙ መጨቃጨቅ አልፈልግም፤ ከወጣቱ የሥራ ጓደኛችን ጋር አንድ ክረምት ሙሉ ተጨቃጭቀንበታል። አልበሙ የወጣው ያለ ምንም ማስታወቂያ፣ በኖቬምበር 22 ቀን 2024 ነው። ልጁ «ከእስከ ዛሬው ሥራው ሁሉ ይበልጣል» ይላል። አይበልጥም። አሥራ ሁለቱም ዘፈኖች ስለታም ናቸው፣ ምታቸው ሰውነትን ያስነሳል፤ ነገር ግን በ2015 ባወጣው አልበም ላይ አንዲት ግጥም ከዘፈን ወደ ዘፈን ስንኝ እየተጨመረባት አድጋ መጨረሻ ላይ ሙሉዋን ስትነበብ የሚሰማውን ዓይነት አንድነት እዚህ አላገኘሁም። ይኸው ሰው በ2017 ሌላ አልበም አውጥቶ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ ገልብጦ እንደገና ያሳተመ ነው። ቅደም ተከተል ትርጉም እንዳለው ከእሱ በላይ የሚያውቅ ራፐር የለም። ለዚህ ነው ከእሱ ብዙ የምጠብቀው።

አንድ ነገር ግን አልረሳም። አልበሙ የሚከፈተው ዴይራ ባሬራ በምትባል የማሪያቺ፣ ማለትም የሜክሲኮ ባህላዊ ሙዚቃ፣ ዘፋኝ ድምፅ ነው፤ በስፓኒሽ። እኔም ልጁም አልገባንም። ራፕ የማትወድ ስፓኒሽ ተናጋሪ ባልደረባችንን ጠርተን አሰማናት። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችና «አንድ የራቀ ሰው እዚህ ያለ ያህል ይሰማኛል፣ እናለቅሳለን፣ ነው የምትለው» አለችን። ከዚያ «እንደገና አሰሙኝ» አለች። በሦስት ስደተኞች መካከል አንድ ማዳመጫ እየተቀባበልን የቆምንበት ያ ደቂቃ ከክርክሩ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ዓርብ የአልበም መውጫ ቀን ሆኖ በዓለም ዙሪያ የተወሰነው በጁላይ 2015 ነው። ከዚያ በፊት በአሜሪካ ማክሰኞ፣ በእንግሊዝ ሰኞ ነበር። ራፐሩ ታይለር ዘ ክሪኤተር በዚህ ልማድ አይስማማም፤ ሰው በዕረፍት ቀኑ ሙዚቃን ለጨዋታ ማጀቢያ ያደርገዋል፣ ሰኞ ወደ ሥራ ሲሄድ ግን ከልቡ ይሰማል ይላል። «ክሮማኮፒያ»ን በኦክቶበር 2024 ያወጣው ሰኞ ማለዳ ነው። የእናቱ ድምፅ በአልበሙ ውስጥ ከዘፈን ዘፈን እየገባ ይመክረዋል፣ ይገስጸዋል። እኔ የሰማሁት ከፈረቃ ወጥቼ በባቡር ወደ ቤት ስመለስ ነው፤ በሁለት ጆሮ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድም ሳልዘል። አስተያየቴ በሌሊት ከምሰጠው ፍጹም የተለየ ሆኖ አገኘሁት። አዲስ አልበምን ሰኞ ድረስ ማቆየት የጀመርኩት ያኔ ነው። ግን ልማዱ ገና አልጸናም ነበርና፣ ከሁሉ የሚከብደኝን ስሕተት የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጁላይ 11 ቀን 2025 የሁለቱ ወንድማማች ራፐሮች የፑሻ ቲ እና የማሊስ አልበም ወጣ። ክሊፕስ በሚለው ስማቸው አብረው አልበም ካወጡ አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላ ነበር፤ ታላቅየው ማሊስ ለእምነቱ ሲል የራፑን ሕይወት ትቶ ነበር። ሁለቱም ሃምሳ ዓመት ገደማ ናቸው። ወጣቱ ጓደኛችን «የሽማግሌ ራፕ» ብሎ ተወው። እኔም በአንድ ጆሮዬ፣ ከማጓጓዣው ቀበቶ ጩኸት ጋር፣ የፒያኖና የመዘምራን ድምፅ ብቻ ሰማሁና «መክፈቻው ቀርፋፋ ነው፣ ዝለሉት» አልኩ። ቃሌ ይኸው ነበር።

ሰኞ ጠዋት መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ ግጥሙን በስልኬ ከፍቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

የወንድማማቾቹ እናትና አባት የሞቱት በጥቂት ወራት ልዩነት ነው። በመክፈቻው ዘፈን ፑሻ ቲ ለእናቱ፣ ማሊስ ለአባቱ ይናገራሉ፤ በመካከል ጆን ሌጀንድ አዝማቹን ይይዛል። ፑሻ ቲ የሚያስታውሰው ከእናቱ ጋር የነበረውን የመጨረሻ ጊዜ ነው። እሷ ደክሞኛል ትለዋለች። ጉዳዮቿን አንድ በአንድ እየቋጨች ነው፤ እሱ ግን ስልኩ ላይ ስለ እሱ የተባለውን ይመለከታል። እየሞተች እንደሆነ ሳትነግረው እየነገረችው ነበር።

እዚህ ላይ ስልኩን አስቀመጥኩት።

እናቴ ያረፈችው የመኖሪያ ፈቃድ በመጠበቅ ላይ በነበርኩበት ዓመት ነው። ፈቃዱ ሳይመጣ ከወጣሁ መመለሻ አልነበረኝምና አልቀበርኳትም። በየእሑዱ እንደዋወል ነበር። በመጨረሻዎቹ ወራት «እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» ስላት «ደህና ነኝ ልጄ፣ ትንሽ ደከም ብሎኝ ነው» ትለኝ ነበር። እኔም ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ፣ በዚያው ስልክ መልእክት እያነበብኩ፣ «እረፊ እንጂ» እላለሁ። ስለ ታናናሾቼ ማን ምን እንደሚያስፈልገው ትዘረዝርልኛለች። የወርቅ ቀለበቷን ለእህቴ እንደሰጠቻት ነገረችኝ። «ደግ አደረግሽ» አልኳት። ቀለበቱን ለምን እንደሰጠቻት አልጠየቅሁም።

ከአንድ ባሕር ማዶ የሆነ፣ በሕይወቴ አግኝቼው የማላውቅ፣ ዝናውን በአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ታሪክ የገነባ ሰው ለማንም ያልነገርኩትን ነገር በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነገረኝ። ፀሐይ የመኪናውን መስታወት እስክታሞቀው ድረስ ተቀመጥኩ። ዘፈኑን አራት ጊዜ ሰማሁት። ከዚያ እህቴ ጋር ደወልኩና ቀለበቱ ጣቷ ላይ እንዳለ ጠየቅኋት። «አለ» አለችኝ፣ «ምነው?» ለምን እንደጠየቅኋት ስነግራት እሷም እኔም ዝም ብለን ብዙ ቆየን።

የቀረው አልበም እንደ መክፈቻው ነው ብዬ አልዋሽም። አቀናባሪው ፋሬል ዊሊያምስ ድምፆቹን ባዶና ከባድ አድርጎ ሠርቷቸዋል፣ የሁለቱ ወንድማማቾች የቃላት አሰካክም ከወጣቶቹ የሚልቅ ነው። ነገር ግን ከእንደዚያ ያለ ለቅሶ በኋላ ወደ ሀብት ጉራና ወደ ድሮው የነጭ ዱቄት ወሬ ሲመለሱ መሃሉ ላይ ይከብደኛል። ማሊስ ሲገባ ነው የሚስተካከለው፤ ያንን ሕይወት ትቶ የተመለሰ ሰው ድምፅ ውስጥ የተከፈለ ዋጋ ይሰማል። አሥራ ሦስት ዘፈን ነው፤ አሥሩን ደጋግሜ እሰማለሁ።

በማግስቱ ሌሊት ወጣቱን ጓደኛችንን ፈልጌ አገኘሁትና «ዝለሉት ያልኩት ተሳስቼ ነው፣ ቤትህ ስትገባ ግጥሙን እያነበብክ ስማው» አልኩት። ተገርሞ አየኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ ተቀመጠና ስለ አልበሙ ምንም ሳይል «እናቴ ጋር ደወልኩ» አለኝ።

አሁንም ሐሙስ ሌሊት ልጁ ማዳመጫውን እየሰካ «ሰማኸው? እንዴት ነው?» ይለኛል። «ሰኞ ጠይቀኝ» እለዋለሁ። ስልሳ ዓመቱ ባልደረባችን ከኋላችን ካርቶን እየመቱ ይስቃሉ።