ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና በጥያቄ መለማመድ፦ እስካሁን የያዝነው መንገድ

ደሴ ሆኜ ነው የማጠናው። ከቡድናችን ገሚሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ሐረጎን እየወጡ ይመጣሉ።

በቴሌግራም የሚዞሩት የድሮ የመውጫ ፈተና ጥያቄዎች ጥሩ ናቸው፤ መልሳቸው ግን አርጅቷል። የአዲስ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜ 45 ቀን ነው የሚል ካያችሁ ያ በተሻረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/1996 ነው፤ በተካው አዋጅ 1156/2011 ግን 60 የሥራ ቀን ሆኗል። የንግድ ሕግ ላይ ይብሳል። የ1952ቱ ሕግ የሚያውቀው ተራ የሽርክና ማኅበር በአዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ 1243/2013) የለም፤ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ደግሞ አዲስ ገብቷል። ስለዚህ የመልስ ወረቀቱን ትተን አንቀጽ መጥቀስን ግዴታ አደረግን። አንቀጹን ያላወጣ ሰው በትክክል ቢመልስም አይያዝለትም። (መጀመሪያ ሰሞን ጭቅጭቁ አይጣል ነበር።)

የኮምቦልቻ ልጆች የፋብሪካውን ነገር ስለሚያውቁ የአሠሪና ሠራተኛ ጥያቄ ራሳቸው ያወጣሉ። አንዱን ላሳያችሁ፦ ሠራተኛው ከተሰናበተ 4 ወር ሆኖታል፤ ወደ ሥራው እንዲመለስና ያልተከፈለው የመጨረሻ ወር ደመወዝ እንዲሰጠው ይከሳል። ሰው ሁሉ ወይ ሁለቱን ይፈቅድለታል ወይ ሁለቱን ይነፍገዋል። የአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 163 ግን ይለያያቸዋል፤ ለመመለስ 3 ወር፣ ለደመወዝ 6 ወር። የመጀመሪያው በይርጋ (በመክሰሻ ጊዜ ማለፍ) ታግዷል፣ ሁለተኛው በሕይወት አለ። ከዚያ ፍሬ ነገሩን እንቀይራለን። 7 ወር ቢሆንስ? አሠሪው ይርጋን ባያነሳስ? እዚህ ላይ ፍርድ ቤት ይርጋን በራሱ አነሳሽነት እንዳያነሳ የሚከለክለውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1856 መግለጥ ግድ ይላል። እንዲህ የታሸ አንድ ጥያቄ ዝም ብለው ከሚያጠቁሩት ሃምሳ ጥያቄ ይበልጣል ባይ ነኝ።

የቤተሰብ ሕግ ላይ ጥያቄው የክልል ነው ወይስ የፌዴራል የሚለውን ቀድማችሁ ለዩ፤ የአማራ ክልል የራሱ አዋጅ 79/1995 አለው፣ የፌዴራሉ 213/1992 ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ዛሬም ስለሚሠራ የድሮዎቹ ጥያቄዎች ብዙም አያስቸግሩም።

አሁን ማስረጃ ላይ ነን። ራሱን የቻለ የማስረጃ ሕግ ስለሌለን አንቀጹን ከፍትሐ ብሔር ሕጉና ከሁለቱ (ከፍትሐ ብሔርና ከወንጀል) ሥነ ሥርዓት ሕጎች እየለቀሙ ማውጣት አሰልቺ ነው። አንቀጽ የተጠቀሰበት የማስረጃ ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ ላኩልኝ፤ እኔ የአሠሪና ሠራተኛውን እልክላችኋለሁ።