ሄማቶክሪቴ 55 ሲገባ

ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን በመርፌ መውሰድ ከጀመርኩ በኋላ ጉልበቴ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ የሚጥለኝ ድካም ጠፋ። ሰው ሆንኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ሳለ የክትትል ምርመራው መጣ፦ ሄማቶክሪት 55 በመቶ። ከመጀመሬ በፊት 46 ነበር።

ሄማቶክሪት ማለት ቀይ የደም ሴሎች ከደማችን ውስጥ የሚይዙት ድርሻ ነው። በወንዶች ከ40 እስከ 50 አካባቢ ደህና ነው። የአሜሪካው የኢንዶክሪን (የሆርሞን ሕክምና) ማኅበር በ2018 ያወጣው መመሪያ፣ ከ54 ካለፈ ሕክምናው ይቁም፣ ሲወርድ በተቀነሰ መጠን ይቀጥል ይላል። ሐኪሜም ወረቀቱን አይታ "መርፌው ለጊዜው ይቅር" አለችኝ። ፊቴ መለዋወጡን አይታ መሰለኝ፣ "አይዞዎት፣ ጭራሽ ይተዉት አላልኩም" ብላ ጨመረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴስቶስትሮን ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን፣ ቀይ ሴል እንዲመረት የሚያዘውን ሆርሞን እንዲያመነጭ ይገፋፋል። ሄፕሲዲንን ደግሞ ዝቅ ያደርጋል። ሄፕሲዲን የሰውነታችንን ብረት ቆልፎ የሚጠብቅ ዘበኛ በሉት። ዘበኛው ዞር ሲል ብረቱ ወደ መቅኔ ይጎርፋል፣ መቅኔም ቀይ ሴል ማምረቱን ይያያዘዋል። ደም ላነሰው ሰው እሰየው ነው። ደሙ ደህና ለነበረው ግን ይበዛበታል፣ ደሙም ይወፍራል።

አብሮኝ ስፖርት የሚሠራ ጓደኛዬ "ደም ለግስና ተገላገል" አለኝ። ብዙዎች የሚሉትም ይሄንኑ ነው፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ቁጥሩ መውረዱን ይወርዳል። መጠኑ ካልተነካ ግን ተመልሶ ይወጣል፣ በየጊዜው በተቀዳ ቁጥር ደግሞ የብረት ክምችት ይሟጠጣል። ያኔ ድካሙ በሌላ በር ይገባል።

ሐኪሜ ሌላ ሌላውን ጠየቀችኝ። ሲጋራ? አላጨስም። ውሃ? ጠጥቼ ድጋሚ ስመረመር 54.6 ሆነ፤ ስለዚህ የውሃ ጥም ብቻ አልነበረም። ማንኮራፋት? እዚህ ላይ ባለቤቴ ቀደመችኝ። "ማንኮራፋቱስ ይሁን፣ ትንፋሹ ቀጥ ሲል ነው የምደነግጠው!" በእንቅልፍ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ሰውነትም ቀይ ሴል በማብዛት ሊያካክስ ይሞክራል። ተመረመርኩ፣ እውነትም አለብኝ።

ቁጥሩ ግን በአንድ ጀምበር አይወርድም። ቀይ ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራልና መታገስ ግድ ነው። የእኔ 48 ሲደርስ ሆርሞኑን ቆዳ ላይ በሚቀባ ጄል ቀጠልኩ። መርፌ በተወጋን ሰሞን ሆርሞኑን ሽቅብ ይሰቅለዋል፤ የደም ሴል መብዛቱም በመርፌ ይብሳል። ጄሉ ዝግ ያለ ነው። ሲበዛ ግን ያሰለቻል! እስኪደርቅ መጠበቅ አለ፣ ቦታውን በልብስ መሸፈን አለ፣ ልጆች እንዳይነኩት መጠንቀቅ አለ።

"ልብህንስ?" ለምትሉኝ፦ በ2023 የታተመው ትራቨርስ የተባለ ጥናት ለልብ ሕመም የተጋለጡ ከ5 ሺህ በላይ ወንዶችን ተከታትሎ፣ ሕክምናው ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክን ሲያበዛ አላየም። ሳንባ ውስጥ የሚገባ የረጋ ደም ግን ሆርሞኑን በወሰዱት ላይ በዝቶ ታይቷል። ስለዚህ የደም ምርመራ ቀጠሮዬን አላሳልፍም። ማታ ማታ ደግሞ የትንፋሽ ጭምብሌን አጠልቃለሁ። ልጆቼ ፓይለቱ ይሉኛል።