«ሞተሩ ቢጠፋስ?»

አባቴ ያችን አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ደብረ ማርቆስ ላይ መንዳት ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። 2ኤች የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3,980 ሲሲ የናፍጣ ሞተሯ ዛሬም አላስቸገረም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጭቃ እንዳይዛት ብዬ ቀጫጭኖቹን 7.50-16 ጎማዎች አውልቄ ሰፋፊ ቸርኬና ጎማ አደረግሁላት። ጭቃውን አለፈችው፤ መሪዋ ግን ድንጋይ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ዳር ሊያዞሯት ሲታገሉ፣ ግራ ክንዳቸውን በቀኝ እጃቸው ደግፈው አየኋቸውና አንጀቴ ተላወሰ።

የሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚታገዝ፣ መሪ ላስገባልዎ ነው ስላቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ «ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ቢጠፋስ?» አሉኝ።

ሥራውን ሁሉ የመራው ይህ ጥያቄ ነው። መኪና የሚቀይሩ አንዳንዶች እንደ ትራክተር ሙሉ በሙሉ በዘይት የሚሠራ መሪ ይገጥማሉ። እዚያ በመሪውና በጎማው መካከል ዘይት እንጂ ዘንግ የለም። ለእርሻ ማሽን መልካም ነው፤ ሰው ጭና አስፋልት ላይ ለምትወጣ መኪና ግን አልፈቅደውም። እኔ የፈለግሁት የ60 ሴሪ ላንድክሩዘር የመሪ ሳጥን ነው። ጥርሱ ከጥርስ ጋር ተያይዞ ይዞራል፤ ዘይቱ የሚያደርገው መግፋት ብቻ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ቢቆም መሪው ይከብዳል እንጂ አይጠፋም። 2ኤች ሞተር 60 ሴሪም ላይ ስላለ ፓምፑ ያለ ብዙ ጣጣ ተቀመጠ። ሁለቱንም ሶማሌ ተራ አገኘኋቸው።

ያደከመኝ ሳጥኑ የሚታሰርበት ሻንሲ፣ የመኪናዋ የብረት አጽም፣ ነው። ውስጡ ባዶ በመሆኑ ብሎን ከዳር እስከ ዳር አሳልፈው ሲያጠብቁት ይጨፈለቃል፤ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወፍራም የብረት ቱቦ በልኩ አስቆርጬ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ከተትሁ፤ ሁለቱን ጫፍ አስበየድሁ፤ ብሎኖቹ በእነርሱ ውስጥ አለፉ። ከዚያ ሳጥኑን ከጥግ እስከ ጥግ አዞርሁት፤ ዙሩን ቆጥሬ ለሁለት ከፈልሁና መካከሉን በጠመኔ ምልክት አደረግሁበት። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጌ የሳጥኑን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰውን የብረት ክንድ ያሰርሁት ከዚህ በኋላ ነው። የሳጥኑ ጥርስ ጠበቅ የሚለው መካከሉ ላይ ነው፤ ከዚያ ፈቀቅ ካለ መኪናዋ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ትዋልላለች።

ዘይቱን ከፓምፑ ወደ ሳጥኑ የሚወስደው የመጀመሪያው የግፊት ቱቦ ከዳኝ። መሪውን ጥግ ድረስ ሳዞር ከጫፉ ተመዘዘና ትኩስ ዘይት ሞተሩን አለበሰው። ግፊቱ ከፍ የሚለው ጥግ ላይ ነውና ደካማው ነገር እዚያ ይጋለጣል። መኪናዋ ገና ጋራዥ ውስጥ መቆሟን እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ። ሁለተኛውን በሽቦ የተጠለፈ፣ ጫፉ በማሽን የተጨመቀ ቱቦ አሠራሁ።

አየሩን ለማስወጣት ፊቷን በክሪክ አንሥቼ፣ ከሥር ድጋፍ አድርጌ፣ ሞተሩን ሳላስነሣ መሪውን በዝግታ ከጥግ ወደ ጥግ መላለስሁት። ቀዩ ዘይት አየር ሲገባበት እንደ ወተት ሻይ ይደፈርሳል። ስጨምር፣ ስጠብቅ፣ እንደገና ሳዞር መሸ። ሲነጋ የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፈትሁ፤ ዘይቱ እንደ በርበሬ ወጥ ቅባት ጠርቶ ተኝቷል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባዶ ሜዳ ላይ አባቴ ነዱ፤ እኔ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። ፍሬኑም የሚታገዘው በሞተሩ ስለሆነ በሰው እርምጃ ልክ ነበር የምንሄደው። መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ሳልመልስ ሞተሩን አጠፋሁት። ፀጥ አለ። አባቴ በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ መሪው ከበደ፤ ግን ዞረ። አንዱን ባሕር ዛፍ ዞረን ቆምን።

ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «አስነሣው» አሉኝ። አስነሣሁት። የመለሷት በግራ እጃቸው ብቻ ነው።