ብራይተን ወይስ ወርዚንግ?

እማዬ በነሐሴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ትመጣለች። አንድ ሳምንት የባሕር ዳርቻ ልንወስዳት አስበናል። ዛሬ ከለንደን በባቡር ወርጄ ሁለት ከተሞች በእግሬ አየሁ።

ብራይተን ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1899 የተከፈተው ፓላስ ፒየር፣ ማለትም ከዳርቻው ወደ ባሕሩ የሚገባ መራመጃ ድልድይ፣ ባሕሩ ላይ ረዥም ሆኖ ተዘርግቷል። መጫወቻው፣ የተጠበሰ ዓሣ ሽታው! ልጆቼ እዚያ ከገቡ አይወጡም። ግን ሰዉ ብዙ ነው። ዳርቻው ደግሞ ጠጠር ነው፤ የእማዬን ጉልበት አሰብኩ።

ከዚያ ወርዚንግ ሄድኩ። በባቡር ቅርብ ነው። እዚህም ጠጠር አለ፤ ባሕሩ ሲሸሽ ግን አሸዋው ብቅ ይላል። የእግር መንገዱ ሜዳ ነው፣ አያደክምም። እ.ኤ.አ. በ1862 የተከፈተው ፒየር ላይ ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። ነፋሱ ይበርዳል፤ ጋቢዋን እንዳትረሳ እነግራታለሁ።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው እዚህ ከተማ፣ ዋርንስ በሚባል ሆቴል አርፈው ነበር። ሆቴሉ ዛሬ የለም። ቦታው ላይ ቆሜ ባሕሩን ሳይ ማይጨው ትዝ አለኝ። ከዚያ ሁሉ እልቂት በኋላ፣ አገራቸው በጠላት እጅ ሆና፣ ይህን ግራጫ ውሃ እያዩ ምን ያስቡ ነበር? እማዬ በልጅነቷ ጃንሆይ በመኪና ሲያልፉ አይታቸዋለች። እስካሁን ታወራዋለች።

ማታ ደወልኩላት። «እሳቸው የነበሩበት ቦታ?» አለችኝና ዝም አለች። ከዚያ «እዚያ ውሰደኝ» አለች።

ወርዚንግ ክፍል ይዣለሁ። ልጆቹን አንድ ቀን ብራይተን አደርሳቸዋለሁ።